የሆሴዕ ሁለት ጣቶች

ሙኒር እባላለሁ፤ ከሆሳዕና ዱራሜ መስመር ላይ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሹፌር ብዙ ሰው ያውቃል፤ ብዙ ወሬም ይሰማል። የማውቀውን ሁሉ ባወራ ግን ከሆሴዕ ታሪክ የሚበልጥብኝ የለም።

ሆሴዕ አበራ አሁን ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋ ነው። ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ ሰፈር ውስጥ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት አለው። ሚስቱ እታለም የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። መንገድ ላይ ብታገኙት ዞር ብላችሁ የምታዩት ዓይነት ሰው አይደለም። ቀጭን ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ የተናገረውን ሁሌ ይደግማል። ግን በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ኤሌክትሪክ ጊታር የሚያነሣ ወጣት ሁሉ ከዚህ ሰው የመጣ ነገር በእጁ ይዟል። ብዙዎቹ መልኩን እንኳ አያውቁም። አንዳንዶቹማ ሞቷል ብለው ነው የሚያወሩት። እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

እኔና እሱ ያደግነው ሴች ዱና ሰፈር፣ አጥር ለአጥር ነው። አባቱ ጋሽ አበራ የሒሳብ አስተማሪና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሳቃቸው እንደ በዓል በዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው። የእኔ አባት ከድር ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እሱ ሲስቅ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ሁለቱ አጥሩን ተደግፈው ስለ ዝናብና ስለ እንሰት ሲያወሩ ያመሹ ነበር። ሆሴዕ ከልጅነቱ ጀምሮ በወጣቶች መዘምራን ውስጥ ተራ ጊታር ይመታ ነበር። ክሩ ሲበጠስበት በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይተካዋል። ጣቱ ይደማል፤ እሱ ግን ግድ የለውም።

ታላቅ ወንድሙ ተገኘ እንደ ብዙ የአገራችን ልጆች ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ሆሴዕ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ተገኘ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ዕቃ ላከለት። ጥቁር ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ትንሽ አምፕሊፋየርና በእግር ሲረገጥ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር፣ እንደ ሳሙና ማስቀመጫ ያለ ሳጥን። «ለቤተ ክርስቲያን ነው» አለ በስልክ። ጊታሩን የሸጠለት ሽማግሌ አንዲት ሚሞሪ ካርድም መርቆ ሰጥቶታል። ተገኘ ምን እንዳለባት አልሰማትም፤ መዝሙር መስሎታል።

ካርዷን ሆሴዕ ስልኩ ውስጥ ሲከታት እኔም እዚያ ነበርኩ። ቤቱ ተናወጠ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እናቱ ከጓዳ እየሮጡ መጡ።

«ኧረ ሆሴዕ፣ ስልኩ ተበላሸ! ጣለው፣ ይፈነዳብሃል!»

እውነቱን ለመናገር እኔም የተበላሸ ነው የመሰለኝ። ሆሴዕ ግን እጁን አንሥቶ ዝም እንድንል አደረገን። እናቱን ዝም በይ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ከጩኸቱ ሥር ሰው አለ» አለ። «እየሮጠ ነው። ጣቱን አትሰሙትም?»

እኔ ምንም ጣት አልሰማሁም። እሱ ግን ያንን ሩጫ ተከተለው። ቀን ወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ጊታሩን ይዞ ይቀመጣል። ካርዷ ላይ ያለው ሄቪ ሜታል የሚባል ሙዚቃ መሆኑን ያወቅነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አስተማሪ አልነበረውም። አንዲትን ዜማ በስልኩ ላይ መልሶ መልሶ እያጫወተ፣ መጀመሪያ እንደ ኤሊ፣ ቀጥሎ እንደ ዶሮ፣ በመጨረሻ እንደ ሚዳቋ እያደረገ ለመዳት። ከዚያ ደግሞ የባዕዱን ዜማ ትቶ የእኛን ያዘ። የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ሲደርስ ሰው እየተቀባበለ የሚያዜመውን ዜማ፣ ሙሽራ የሚሸኙበትን፣ እናቱ እንሰት ሲፍቁ የሚያንጎራጉሩትን ሁሉ በዚያ በሻከረ ድምፅ ይመታው ጀመር። ያኔ እኔም ጣቱ ተሰማኝ።

የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ እሑድ መዘምራኑ እየዘመሩ ሳለ ሆሴዕ ሳጥኑን ረገጠ። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ግን የነበረ ሁሉ ነግሮኛል። አሮጊቶች ጆሯቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ልጆች ወንበር ላይ ቆሙ፤ ሰባኪው ውኃ ጠየቁ። በማግስቱ ሽማግሌዎች ጠሩት። አባቱም ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጠው ነበር። አንዱ «ይህ የሰይጣን ድምፅ ነው» አሉ፤ ሌላው «አይ፣ የወፍጮ ነው» አሉ። ሁሉም ከተናገሩ በኋላ ጋሽ አበራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነጎድጓድንም የፈጠረ እሱ ነው» አሉ። «ግን ነጎድጓድ በየእሑዱ አይመጣም።»

ፍርዱ በዚህ ጸደቀ። ሆሴዕ ሳጥኑን በዓመት ሁለቴ፣ በምርት ምስጋናና በአዲስ ዓመት እንዲረግጥ ተፈቀደለት። ሌላ ጊዜ እንደ ሰው ይምታ ተባለ።

የቀረውን ዓመት ምን ያድርግ? ሠርግ አለ፣ ምርቃት አለ፣ ያሆዴ አለ። እኔ ያኔ ሚኒባስ መንዳት ጀምሬ ነበር፤ ጊታሩንና አምፑን ከኋላ ጭነን አንጋጫ፣ ዳምቦያ፣ ሆመቾ እንዞራለን። «ዝናብ በቆርቆሮ» የሚላት የራሱ ዜማ ነበረችው። በጥቂት ጠብታ ትጀምራለች፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። ከዚያ ይወፍራል። ከዚያ በረዶ ይሆናል፤ ጣቶቹ አይታዩም። ሰው መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ያያል፤ ቀጥሎ ትከሻው ይነሣል። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ዱላቸውን ወደ ላይ ያነሡ ነበር።

እየታወቀ ሲሄድ ጎፈር ሜዳ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ጊታር ማስተማር ጀመረ። በሩ ላይ «ሆሴዕ ሜታል» ብሎ በቀይ ቀለም አስጻፈ። የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገበሬ ከሆመቾ መጣ። ሆሴዕ ተማሪ መስሎት አስቀመጠውና «ዝናብ በቆርቆሮ»ን ከጫፍ እስከ ጫፍ መታለት። ሰውየው በጨዋ ደንብ እጁን አጣምሮ አዳመጠ። ሲያልቅ አጨበጨበ።

«ጎበዝ ነህ» አለው። «እንግዲህ በሩን መቼ ታደርስልኛለህ?»

ሰሌዳውን አይቶ የብረታ ብረት ቤት የሚመስለው እንዲህ ዓይነቱ ሰው ከተማሪው በለጠ። አጥር የሚፈልግ፣ መስኮት የሚፈልግ፣ አንዷማ የምጣድ ማቆሚያ ይዛ መጥታ እግሩን በይድልኝ ያለችው አለች። ሰሌዳውን ቀይረው ብንለው «ሜታል ሜታል ነው» ብሎ እምቢ አለ።

አንድ ቀን ዱራሜ አዳራሽ ውስጥ እየተጫወተ መብራት ሄደ። ዜማዋ በረዶዋ ላይ ደርሳ ነበር። ሰው «ኧረ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ሚኒባሱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ የመኪናውን ባትሪ ኢንቨርተር በሚባለው ዕቃ ከአምፑ ጋር አገናኘሁት። ሆሴዕ ካቆመበት ቀጠለ። ውጪ የቆመውን መኪና ያየ ሰው ስላልነበረ ጊታሩ ያለ መብራት ሲጮኽ የሰማው ሕዝብ ያበደው እብደት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ከእታለም ጋር የተጋቡት በዚያው ሰሞን ነው። በራሱ ሠርግ ላይ ሙሽሪትን ትቶ መድረክ ላይ ወጣ። እታለም ቬሎዋን ሰብስባ ተከትላው ወጥታ፣ ሳጥኑን በነጭ ጫማዋ ረገጠችለት። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ችግሩ የመጣው በክረምት መግቢያ፣ ሆመቾ ላይ በተደገሰ የድንኳን ሠርግ ነው። ዝናብ ዘንቦ መሬቱ ረጥቧል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጀነሬተር አቁመዋል። ሆሴዕ ጊታሩን ሰክቶ ማይክሮፎኑን ሊያስተካክል ሲነካ ኤሌክትሪክ ያዘውና ከመድረኩ ወደ ኋላ ወረወረው። የወደቀው በግራ እጁ ላይ ነበር። ስንደርስ ራሱን ስቷል። አንዲት ሴት «ሞተ!» ብላ ጮኸች፤ ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። እኔ አንሥቼ ሚኒባሱ ላይ ጭኜው ሆስፒታል እንደምን እንደደረስኩ አላውቅም።

ነፍሱ ተረፈች። የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ግን እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው ቀሩ። ሐኪምም አየው፣ ወጌሻም አሸው፤ አልታጠፉም። ለጊታር ሰው ግራ እጅ ማለት ምላስ ማለት ነው። ግማሽ ምላሱ ተቆረጠ።

ያን ጊዜ ብዙ አላወራም። ጊታሩን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው። ቤቱ ስሄድ ሻይ እንጠጣለን፤ ስለ ኳስ እናወራለን፤ እሱ ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ሠርግ ሲጠራ አይሄድም። ወረዳውንም ተወው። በመጨረሻ ያዳነው በር የሚፈልገው ሰው ነው። ሰሌዳው እንደተሰቀለ ነበርና ሰው መምጣቱን አላቆመም። አንድ ቀን ሆሴዕ አንዱን ደንበኛ «ቆይ» አለውና ብየዳ ሊማር አንድ ባለሙያ ቤት ገባ። ለብየዳ ሦስት ጣት ይበቃል። እነሆ «ሆሴዕ ሜታል» እንደ ስሙ ሆነ። ጥሩ በር ይሠራል፤ የእኔ ቤት በር የእሱ ነው።

አንድ ከሰዓት ሐዳሳ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ወደ ብየዳ ቤቱ መጣች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ለመጨረስ የደረሰች፣ ፊት ለፊት የምትናገር ልጅ ናት። ጊታር በጀርባዋ ተሸክማለች።

«ጋሽ ሆሴዕ፣ አስተምረኝ።»

«እጅ የለኝም» አላት።

«እጅማ እኔ አለኝ። አንተ ጆሮህን ስጠኝ።»

ሆሴዕ በርጩማ አሳያት። እንዲህ ነው የተጀመረው። አስተማመሩ ግን ለየት ይል ነበር። በጣቱ ማሳየት ስለማይችል በአፉ ያሳያል። «ጢጋ ጢጋ ጢጋ ዶም! ጢጋ ጢጋ ጢጋ ዶም!» ይላታል፤ እሷ በክሩ ትመልሳለች። አልፎ አልፎ ብቻ ጊታሩን ተቀብሎ በሁለቱ ደህና ጣቶቹ እያንሸራተተ አንዲት ሐረግ ያሰማትና ቶሎ ይመልስላታል። እሷ ስትመታ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚያዳምጣት። አንዴ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የደህና ሰው ጣት ክር ላይ ሲሮጥ ማየት አልችልም፣ ሙኒር» አለኝ። «መስማት ግን እችላለሁ።»

ደግሜ አልጠየቅሁትም።

ሐዳሳ ጎበዘች። ዱራሜ ኮሌጅ ገብታ ፋርማሲ ስትማር ጊታሯን ይዛ ሄደች። እዚያ ጓደኞቿን አስተማረች፤ እነሱ ሲመረቁ ወደየከተማቸው ተበተኑ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ እኔም ሆሴዕም በደንብ አላወቅንም። አንዳንዴ ሚኒባሴ ውስጥ ወጣቶች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ «ጢጋ ጢጋ ዶም» ሲሉ እሰማና ፈገግ እላለሁ። ለሆሴዕ ስነግረው «ተወው ባክህ» ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ አንድ የሀደሮ ሰው ልጁን ዳረ። የግቢውን በር የሠራለት ሆሴዕ ስለሆነ ጠራው። ሆሴዕ ሊቀር ነበር፤ እታለም ናት «በርህን ሰው ሲገባበት እይ» ብላ ያስነሣችው። እኔ እነሱንና ሌሎች እንግዶችን ጭኜ ሄድኩ። ሀደሮ ስንገባ ከተማው በየደጁ በተሰጣ ዝንጅብል ሽታ ተሞልቷል። ለሙስሊም እንግዶች በተለየው ዳስ ውስጥ ክትፎና ቆጮዬን በልቼ ስጨርስ ከትልቁ ድንኳን ድምፅ መጣ። እጄን ሳልታጠብ ተነሣሁ። «ዝናብ በቆርቆሮ» ነበረች።

መድረኩ ላይ ረጅም፣ ጠጉሩን ያሳደገ ወጣት ጊታር ይመታል። ዳኘ ይባላል፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅነው። በረዶው ሲወርድ ሰው ሁሉ ተነሥቶ እየዘለለ ነው። ሆሴዕን ስፈልገው መድረኩ ሥር ቆሞ አገኘሁት። የዳኘን ግራ እጅ እያየ ነው። ፊቱን አላዞረም።

«ሙኒር» አለኝ፣ «ያ ልጅ ጣቱን ምን ሆኖ ነው?»

አየሁ። ዳኘ የቀለበት ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ቀጥ አድርጎ ገትሮ በሁለት ጣት ብቻ ነው የሚመታው።

ዳኘ ለዕረፍት ሲወርድ ሆሴዕ ተጠጋው።

«ወንድሜ፣ በጣም ጥሩ ትመታለህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

«እጅህን ተጎድተህ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ!» ዳኘ ጣቶቹን ከፍቶ ዘግቶ አሳየው። ሁሉም ይታጠፋሉ።

«ታዲያ ሁለቱን ለምን ትገትራቸዋለህ?»

ዳኘ ለማያውቅ ሰው በትዕግሥት እንደሚያስረዳ አስተማሪ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ይህ የሆሴዕ አያያዝ ይባላል። ከባድ ነው። እኔ ትንሿ ጣቴ እንዳትወርድብኝ ከጎረቤቷ ጋር በፕላስተር አስሬ ነው የለመድኩት። ወራት ፈጅቶብኛል።»

ሆሴዕ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እኔ ግን አላስቻለኝም።

«ሆሴዕ ደግሞ ማነው?» አልኩት።

«አታውቁትም?» ዳኘ አዘነልን። «የሆሳዕና ሰው ነበር። በአገራችን እንደሱ ሜታል የመታ የለም። ዱራሜ ላይ መብራት ሲጠፋ ጊታሩ ያለ መብራት ጮኋል። በመጨረሻ ሆመቾ ላይ እየተጫወተ ሳለ መብረቅ መታው። ጊታሩን እንዳቀፈ ሞተ።»

«ቀብሩ ላይ ነበርክ?»

«እኔ አልነበርኩም። የነበረ ሰው ግን አውቃለሁ።»

በዚህ ጊዜ እታለም ከኋላችን በነጠላዋ አፏን ይዛ በሳቅ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሆሴዕ ግን አልሳቀም። በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ «አያያዝ አይደለም» አለ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«አያያዝ አይደለም። ጣቶቹ ተሰብረው ነው። ከመድረክ ወድቆ ተሰበሩ፣ አልታጠፍም አሉ። ቢታጠፉለት ኖሮ በአራቱም ይመታ ነበር።»

የዳኘ ፊት ተለወጠ። «ጋሼ፣ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አከብርዎታለሁ። ግን በሞተ ሰው አይቀለድም።»

ሆሴዕ ግራ እጁን ከኪሱ አወጣ። ቀስ ብሎ የዳኘ ጊታር አንገት ላይ፣ ከዳኘ እጅ አጠገብ አስቀመጠው። ሁለቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ በአፉ፣ ለዳኘ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ጢጋ ጢጋ ጢጋ ዶም» አለው።

ዳኘ እጁን አየ። ፊቱን አየ። እኔን አየኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁለት። ያኔ ስፒከሩ ላይ ቁጭ አለ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦

«ታዲያ ፕሮግራሙን ምን እናድርገው?»

«የምን ፕሮግራም?»

«የእርስዎን መታሰቢያ! በየዓመቱ ግንቦት ላይ እናደርጋለን። አዳራሹ ተይዟል፤ ባነሩ ታትሟል!»

ሆሴዕ ያኔ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ከአደጋው በፊት እንኳ አይቼው አላውቅም። ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ፤ እንባው ወረደ። እኔና እታለምም አብረነው ሳቅን፤ ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ምን መጣ ብለው ተሰብስበው መጡ። እንባው ሁሉ የሳቅ አልነበረም፤ እሱን እኔ አውቃለሁ፤ እታለምም ታውቃለች፤ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ነበር።

ሲረጋጋ ዳኘን አጠገቡ አስቀመጠው። «በል አሁን ሁለቱንም አውርዳቸው። በአራቱም ምታልኝ» አለው። ዳኘ ሞከረ፤ ጣቶቹ እንደ አዲስ ጥጃ እግር ተጠላለፉበት። ሆሴዕ ፊቱን ሳያዞር፣ ዓይኑን ከጣቶቹ ሳይነቅል በአፉ ይመራዋል። ሠርገኛው ኬክ ሲቆርስ እነሱ ድንኳኑ ጥግ ላይ ነበሩ።

ግንቦት ላይ ፕሮግራሙ እዚያው ሀደሮ ተካሄደ። ባነሩ ላይ «ሆሴዕን እናስብ» ነው የሚለው፤ እታለም «በሕይወት ያለም ሰው ይታሰባል እኮ» ስላለች እንዳለ ተሰቀለ። ከዳምቦያ፣ ከአንጋጫ፣ ከሆመቾ ጊታር የያዙ ወጣቶች መጡ። ሆሴዕ ሲገባ አንዷ ጮኸች። ሁሉም ሊነኩት ፈለጉ፤ አንዱማ እጁን ጨብጦ «ይሞቃል!» አለ። ሐዳሳ አሁን ሆሳዕና ውስጥ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ እሷንም ይዣት ሄጄ ነበር። ጊታር አንሥታ ስትመታ ሆሴዕ ጣቷን አየና «አንቺም?» አላት።

«አንተ ስታሳየኝ እንደዚህ ነበር የያዝከው» አለችው ሳታፍር። «መሰበሩንማ አውቃለሁ። ግን በሁለት ጣት ስታንሸራትተው ድምፁ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይስቃል። በአራት ጣት ያንን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ለምን እለውጠዋለሁ?»

በዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ዳኘ አራቱ ይሻላል አለ። ኪያ የምትባል የዳምቦያ ልጅ «እኛ የወደድነው ያንን ድምፅ ነው፤ ስብራቱም የእኛ ነው» አለች። ሁሉም ወደ ሆሴዕ ዞሩ።

«ፕላስተሩን ብቻ ተዉት» አለ። «የቀረውን ጆሯችሁ ይወስን።»

ጋሽ አበራም መጥተው ነበር። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ዳኘ በአራት ጣት «ዝናብ በቆርቆሮ»ን ሲመታ፣ ሆሴዕ ራሱ በጉብዝናው ዘመን ያልደረሰበት ቦታ ላይ አደረሳት። ሆሴዕ እንደ ልጅ አጨበጨበ። ከዚያ እሱን አስነሡት። እምቢ አለ፤ አልተዉትም። ጊታሩን ይዞ በሁለት ጣቱ ቀስ እያለ፣ በረዶ የሌለባት፣ የማለዳ ካፊያ ብቻ የሆነች ዝናብ አዘነበልን። ጋሽ አበራ ምርኩዛቸውን መሬት መቱ።

«ሆሴዕ! ያቺን ሳጥን አትረግጣትም እንዴ?»

«አባባ፣ በዓመት ሁለቴ ነው የተባልኩት።»

«ለዚህኛው ዓመት ሁለቱም ይቀሩሃል፣ ቆጥሬያለሁ! እርገጣት!»

ረገጣት። ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ አበራ የዓመቱን ሳቃቸውን ያን ቀን ሳቁ።

አሁን ሆሴዕ ቅዳሜ ቅዳሜ ብየዳውን ከሰዓት ላይ ያቆምና በርጩማዎቹን ይደረድራል። ዳኘ ከሀደሮ ይመጣል፤ ኪያ ከዳምቦያ ትመጣለች፤ የማመጣቸውም እኔ ነኝ። ሆሴዕ ከፊታቸው ቁጭ ብሎ ጣታቸውን እያየ ያስተምራል። ሠርግ ሲጠራም አይቀርም፤ እንዲያውም ምግብ ሳይቀርብ ነው የሚደርሰው። ሰሞኑን ትልቋ ልጁ ጊታር አልፈልግም ብላ ቤት ውስጥ አመፀች፤ የምትፈልገው ድራም ነው። እታለም ፈቅዳላታለች። ለጎረቤቶቹ ግን እስካሁን የነገራቸው ሰው የለም።